መርዶና ለቅሶ፦ ከልቦለድ ስለተወሰዱ የጦርነት ፊልሞች ጥያቄና መልስ

ከልቦለድ ተወስደው ስለተሠሩ የጦርነት ፊልሞች ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። አብዛኛው ጥያቄ የሚዞረው አንድ ነገር ላይ ነው። የትኛው ፊልም ሐዘንን በልኩ ያሳያል? የትኛውስ እያጋነነ እንባ ያስጨምቃል? ልቦለዱን አንብቤ ፊልሙን እያየሁ ሁለቱን ማስተያየት ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ የምመልሰውም ከዚያ ነው። የውጭ መጻሕፍትና ፊልሞች ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ። መጨረሻቸውን ሳልናገር መመለስ ስለማልችል፣ ያላያችሁት ፊልም ሲመጣ እለፉት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «ሜሎድራማ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ሆኗል። ለቅሶ ያለበት ፊልም ሁሉ ሜሎድራማ ነው እንዴ?

አይደለም። ቃሉ «ሜሎስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ዜማ ማለት ነው። ድሮ ሜሎድራማ ሲባል በሙዚቃ የታጀበ ድራማ ማለት ብቻ ነበር። ስድብ የሆነው በኋላ ነው።

እኔ የማየው ተዋናዩ ማልቀስ አለማልቀሱን አይደለም። ቅደም ተከተሉን ነው የማየው። የሆነውን ነገር በደንብ ሳላውቅ፣ ሰውየውን ሳልለምደው፣ ሙዚቃው ቀድሞ «አልቅስ» ካለኝ እዚያ ላይ ፊልሙ ተጋኗል። ነገሩን አውቄ፣ ገብቶኝ፣ ከዚያ ማንም ሳይገፋኝ ካለቀስኩ ግን ተዋናዩ የቱንም ያህል ቢጮህ ሜሎድራማ አልለውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ችግሩ ከልቦለድ በተወሰዱት ላይ ለምን ይብሳል?

ልቦለድ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ ማሰብ ይችላል። አሥር ገጽ ሙሉ ምንም ሳያደርግ ቢያስብ አንባቢው አብሮት ያስባል። ካሜራ ፊት ግን የሚያስብ ሰው ማለት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። ፊልም ሠሪው ይጨንቀዋል። ያንን የውስጥ ሐሳብ በምን ይተካው? ቅርብ ያለው መፍትሔ ሦስት ነው፤ ሙዚቃ፣ እንባ ወይም ረጅም ንግግር። መጋነን የሚገባው በዚህ በር ነው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የኤሪክ ማሪያ ሬማርክ ልቦለድ ነው። በ1929 በመጽሐፍ ወጣ። በእንግሊዝኛ «ኦል ኳየት ኦን ዘ ዌስተርን ፍሮንት» ይባላል። የጀርመንኛው ርዕስ ግን የበለጠ ደረቅ ነው፤ «በምዕራብ ግንባር አዲስ ነገር የለም» እንደማለት። ተራኪው ፓውል ቦይመር የሚባል ወጣት ወታደር ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «እኔ» እያለ ያወራል። መጨረሻው ገጽ ላይ ያ «እኔ» ይጠፋል። ሌላ ሰው መጥቶ በጥቂት መስመር ብቻ ይነግረናል። ፓውል በጥቅምት 1918 ወደቀ። ዕለቱ ጸጥ ያለ ስለነበር የጦሩ ሪፖርት ከግንባሩ አዲስ ነገር የለም ብሎ አለፈው። አለቀ። እንዴት እንደሞተ አናውቅም። ማን እንደገደለው አናውቅም። ሲያወራን የከረመው ልጅ ሞቶ ወረቀቱ ግን «ምንም የለም» ይላል።

ይህንን በምን ታሳየዋለህ? ተራኪው ሞቷል፤ ካሜራው ግን እዚያው ቆሟል። የሉዊስ ማይልስቶን የ1930 ፊልም እንዲህ መለሰው። ፓውል ምሽግ ውስጥ ነው። ከምሽጉ ውጭ አንዲት ቢራቢሮ አረፈች። ልጁ ፈገግ አለና እጁን ዘረጋ። ወዲያ ማዶ አነጣጣሪ ተኳሽ አለ። የምናየው እጁን ብቻ ነው። ተኩስ ይሰማል፤ እጁ ድንግጥ ይላል፤ ይዝላል፤ ይቆማል። ፊቱን አናይም። የታየው እጅ የተዋናዩ ሳይሆን የራሱ የማይልስቶን ነው። ቢራቢሮዋ ድንገት የመጣች እንዳትመስልህ። ፓውል ልጅ እያለ ቢራቢሮ ይሰበስብ ነበር፤ ፈቃድ ወጥቶ ቤቱ ሲመለስ የሰበሰባቸውን እናያለን። ስለዚህ እጁን ሲዘረጋ ወደ ልጅነቱ እየዘረጋ ነው። ይህን ግን ማንም አይነግርህም። አጠገቡም የሚያለቅስ ሰው የለም።

ጥያቄ፦ የ2022ቱ የጀርመን «ኦል ኳየት ኦን ዘ ዌስተርን ፍሮንት» 4 ኦስካር ወስዷል። እኔ እጅግ ወድጄዋለሁ። እርስዎ አልወደዱትም ማለት ነው?

ወድጄዋለሁ ወንድሜ። መክፈቻውን እስካሁን ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። አንድ ወታደር ይሞታል። ልብሱ ይገፈፋል፣ ከሌሎች ሟቾች ልብስ ጋር በባቡር ይሄዳል፣ ደሙ ይታጠባል፣ ቀዳዳው በስፌት መኪና ይጠገናል። ከዚያ ለአዲስ ምልምል ይሰጣል። ምልምሉ ፓውል ነው። አንገትጌው ላይ የሌላ ሰው ስም ተሰፍቶ ያገኛል። «ይህ የሌላ ሰው ነው» ይላል። መዝጋቢው ልኩ ስላልሆነ የመለሰው ነው ብሎ ስሙን በጥሶ ይጥለዋል። ይህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ግን የመጽሐፉ ልጅ ነው። አንድ ሰው ሳያለቅስ ጦርነት ሰውን እንዴት እንደሚቆጥር አየን።

የከፋኝ መጨረሻው ነው። የኤድዋርድ በርገር ፊልም ፓውልን የሚገድለው ኅዳር 11 ቀን 1918 ነው። ተኩስ አቁሙ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ በነሱ 11 ሰዓት፣ ይጀምራል። አንድ ትዕቢተኛ ጄኔራል በቀሩት ደቂቃዎች ወታደሮቹን ለመጨረሻ ጥቃት ያሰልፋል። ፓውል ሰዓቱ ሊሞላ አንድ ሐሙስ ሲቀረው በሳንጃ ይወጋል። እርግጥ ነው፣ በዚያ የመጨረሻ ጠዋት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ታሪክ ነው። ግን የልቦለዱ ሕመም ሌላ ነው። ሬማርክ ልጁን የገደለው በማንም ቀን ነው። ምንም ባልሆነበት ቀን። ፊልሙ ከቀናት ሁሉ ትልቁን መረጠ። ሰዓት ቆጠረ፣ ክፉ ሰው አቆመ፣ «ትንሽ ብቻ ቢቆይ ኖሮ» አሰኘን። ይህ የሚያንገበግብ ነው፤ አልክድም። ርዕሱ ግን ትርጉሙን አጣ። በዚያ ቀን ግንባሩ ላይ አዲስ ነገር ነበራ!

ልቦለዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ደረቅ መርዶ ሌላም አለ። ፓውል የቆሰለ ወዳጁን ካትን ተሸክሞ ወደ ሕክምና ጣቢያ ይወስደዋል። ሲደርስ ካት ሞቷል። መንገድ ላይ ትንሽ ፍንጣሪ ጭንቅላቱን መትቶታል፤ ፓውል አላወቀም። የሕክምና ሠራተኛው ዘመድህ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ፓውል አይደለም ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይጻፋል? በዓለም ላይ የቀረው አንድ ሰው ሞቶ፣ በወረቀት ግን ዘመዱ አይደለም።

ጥያቄ፦ የ1930ውንም ቢሆን አይቼዋለሁ። ፓውል ጉድጓዱ ውስጥ ፈረንሳዊውን ወግቶ ይቅርታ ሲለምን ጮኸብኝ እንጂ አላስለቀሰኝም።

ልክ ነህ። ድምፅ ያለው ፊልም ገና በተጀመረበት ዘመን የተሠራ ነው፤ ተዋንያኑ መድረክ ላይ እንዳሉ ያወራሉ። አንተ ግን በሚቀጥለው ጊዜ የሞተውን ሰው ተመልከተው። ሬይመንድ ግሪፊዝ ይባላል። በድምፅ አልባው ዘመን ታዋቂ የኮሜዲ ተዋናይ ነበር፤ ድምፁ ተጎድቶ ስለነበር የድምፅ ፊልም ሲመጣ የተዋናይነት ሙያው አከተመ። እዚህ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ዓይኑ እንደተከፈተ ነው። ትዕይንቱን የተሸከመው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ቁጥብነት» የሚባለው የእንግሊዞች ወግ ይመስለኛል። እኛ ለቅሶ የምናውቅ ሰዎች ነን። ደረት እንመታለን፣ ፊት እንነጫለን። እኛን የሚመስል ፊልም ሲሠራ «ተጋነነ» መባሉ ያናድደኛል።

ይህን ጥያቄ ስላነሳሽ አመሰግንሻለሁ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸኛው ነው። እስቲ ያየሁትን ልንገርሽ።

በደርግ ጊዜ ነው። ልጅ ነኝ። የጎረቤታችን ልጅ ግንባር ነበር። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል አባቴ ጋቢውን ደርቦ ሲወጣ ነቃሁ። ተከትዬው ደጃፍ ላይ ቆምኩ። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች በጎረቤታችን አጥር ጥግ ቆመዋል። ማንም አይናገርም። አንደኛው የቆርቆሮውን በር በጣቱ ቀስ አድርጎ መታ። እናትየው ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። የማንንም ፊት አላዩም። ብዛታቸውን ነው ያዩት። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለሌላ ነገር ደጅ አይቆምም። ነጠላው ከእጃቸው ወደቀ። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የት ሞተ፣ መቼ ሞተ የሚለውን ለመናገር አፉን የከፈተ ሰው አልነበረም።

መርዶ ማለት ይህ ነው። አየሽ፣ እኛ ጋም ቁጥብነት አለ። ያውም ሥርዓት ያለው። ዝምታው ይቀድማል፤ ጩኸቱ ይከተላል። መርዶ ሳይነገር ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው የለም። የሚጋነን ፊልም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝምታውን ዘሎ በቀጥታ ደረት ወደ መምታቱ ይገባል።

ሙሾንም አስቢው። ጎበዝ ሙሾ አውራጅ «እንዴት ያሳዝናል» ብላ አታወርድም። የሟቹን ፈረስ ታነሳለች። ጠመንጃውን፣ ሳይጨርሰው የሄደውን ቤቱን፣ የሚሄድበትን መንገድ ታነሳለች። ሰዉ የሚያለቅሰው ለፈረሱ ነው።

ጮክ ብሎ የሚያለቅስ ጥሩ ፊልም ከፈለግሽ የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «ላ ቾቻራ» እይ። በ1960 የተሠራ ነው፤ ከአልቤርቶ ሞራቪያ ልቦለድ የተወሰደ። ሶፊያ ሎረን በዚህ ኦስካር አግኝታለች። ጣሊያን ውስጥ ጦርነት የሸሹ እናትና ልጅ ናቸው። ሊያበቃ ሲል በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወታደሮች ይደፍሯቸዋል። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ትሆናለች። አታለቅስም፤ እናቷንም አትሰማም። መጨረሻ ላይ እናትየው የሚወዱት ወጣት ሚኬሌ መሞቱን ትነግራታለች። ያኔ ልጅቷ እንደ ሕፃን ትፈነዳለች። እናቷ ታቅፋታለች። ካሜራው ግን አይጠጋም፤ ቀስ እያለ ይርቃል። የመርዶውን ቅደም ተከተል ልብ በይ። እንባው ከነገሩ በኋላ መጣ። እንደውም እንባው ልጅቷ መመለሷን ነው የነገረን።

ጥያቄ፦ ሙዚቃስ? ያለ ሙዚቃ ፊልም ይደርቃል።

ያለ ሙዚቃ ይሁን አላልኩም። ሙዚቃው የማንን ሥራ ይሠራል ነው ጥያቄው። የ2022ቱ ፊልም ሙዚቃ ሦስት ኖታ ነው፤ ከባድ፣ የሚያስፈራ፣ እንደ ማሽን። ፎልከር በርተልማን ከቅድመ አያቱ በቀረ ሃርሞኒየም ነው የተጫወተው። አያባብልህም። «ማሽኑ እየመጣ ነው» ይልሃል። «አቶንመንት» በሚባለው የእንግሊዝ ፊልም ላይ ደግሞ ዳሪዮ ማሪያኔሊ የጽሕፈት መኪናን ድምፅ እንደ ከበሮ ሙዚቃው ውስጥ አስገብቶታል። ታሪኩ ደግሞ አንዲት ልጅ በጻፈችውና በተናገረችው ነገር ምክንያት የሰው ሕይወት የተበላሸበት ነው። እዚያ ላይ ሙዚቃው ይከሳታል። ሁለቱም ኦስካር ወስደዋል፤ ሲያንሳቸው ነው።

የማልወደው ቫዮሊኑ ከሬሳው ቀድሞ ሲመጣ ነው።

ጥያቄ፦ «አቶንመንት» ላይ ያ በባሕር ዳር ያለው ረጅም ቀረጻ ቁጥብ ነው ወይስ ጉራ?

ላላዩት ልንገራቸው። የጆ ራይት የ2007 ፊልም ነው፤ ከኢያን ማክዩዋን የ2001 ልቦለድ የተወሰደ። እንግሊዞች በ1940 ከፈረንሳይ ሲሸሹ ዳንከርክ ባሕር ዳር ተከማችተዋል። ካሜራው አምስት ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ ይዞራል። የተቀረጸው እንግሊዝ ውስጥ ሬድካር ባሕር ዳር ነው፤ ወደ 1000 የሚጠጉ አጃቢዎች ነበሩ። ፈረሶች ሲረሸኑ ታያለህ። መኪና ሲሰባበር፣ ወታደሮች መዝሙር ሲዘምሩ፣ ሩቅ ላይ የመዝናኛ ትልቅ ጎማ ሲዞር ታያለህ።

ሁለቱም ነው። ካሜራው ጎበዝ መሆኑን እንድታውቅ ይፈልጋል፤ ያ ይታወቃል። ግን አንድም ቦታ ቆሞ «ይህን ተመልከትና እዘን» አይልህም። ፈረሱ እየተረሸነ ያልፈዋል። ዋናው ሰው ሮቢ ቆስሏል፣ ደክሟል፣ እሱም እንደዚያው እያለፈ ነው የሚያየው። ለእኔ ሚዛኑ ወደ ቁጥብነት ይደፋል።

የማልስማማው ከመጨረሻው ጋር ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ መርዶው ተደብቋል። ሮቢና ፍቅረኛው ሴሲሊያ እንደተገናኙ አይተናል። ከዚያ ብራዮኒ፣ ያቺ ሕይወታቸውን ያበላሸችው ልጅ፣ አርጅታ ሁለቱም በጦርነቱ ዘመን እንደሞቱ፣ መገናኘታቸውን እሷ እንደፈጠረችው ትነግረናለች። ልቦለዱ ላይ ይህን በጽሑፍ ነው የምታሳውቀው። ፊልሙ ላይ ቫኔሳ ሬድግሬቭ በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ትናገረዋለች። ፊቷ ላይ ሁሉም ነገር አለ። እዚያ ቢያበቃ! ፊልሙ ግን ሁለቱ ወጣቶች ባሕር ዳር በደስታ ሲሄዱ አሳይቶን ያልቃል። ብራዮኒ የሰጠቻቸው ስጦታ ነው ይባላል፤ ይገባኛል። የፊቷ ሸክም ግን በዚያ ቀለለብኝ። በነገራችን ላይ ጠያቂውን ሆኖ የተወነው አንቶኒ ሚንጌላ ነው፤ «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት»ን የሠራው ዳይሬክተር። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ»ን አይቼ ሁለት ቀን መብላት አልቻልኩም። ካርቱን ነው ብለው ለልጄ ከፍቼው ነበር። ይህስ እንባ ማስጨመቅ አይደለም?

አይዞሽ እህቴ። ብዙ ሰው እንዳንቺ ተይዟል። ጃፓን ውስጥም በ1988 ሲወጣ ልጆች ከሚወዱት «ቶቶሮ» ጋር ባንድ ትኬት ነበር የታየው።

ግን ሜሎድራማ አይደለም። ለምን መሰለሽ? የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ መርዶውን ይነግርሻል። ልጁ ሴይታ መስከረም 21 ቀን 1945 ሌሊት ሞትኩ ይላል። ጣቢያ ውስጥ፣ ምሰሶ ተደግፎ። ሰው እያለፈ ነው። የጽዳት ሠራተኛው ኪሱን ፈትሾ አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ ያገኝና ወደ ሣሩ ይወረውራታል። ከዚያ በኋላ «ይተርፉ ይሆን?» እያለ የሚያንጠለጥልሽ ነገር የለም። ታውቂያለሽ። የምታዪው እንዴት እንደኖሩ ብቻ ነው። ታናሽ እህቱ ሴትሱኮ በጭቃ የሩዝ ድብልብል ሠርታ ብላ ስትለው፣ ብይ እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ስታዞር። ዳይሬክተሩ ኢሳኦ ታካሃታ እነዚህን ሲያሳይ አይቸኩልም። ሴትሱኮ ስትሞትም ጩኸት የለም። ወዲያ ማዶ ካለው ትልቅ ቤት ከስደት የተመለሱ ልጃገረዶች ሸክላ ሲያጫውቱ ይሰማል። ደስ ብሏቸዋል። የነሱ ደስታ ነው አንጀት የሚበላው።

ታሪኩ የተወሰደው ከአኪዩኪ ኖሳካ የ1967 አጭር ልቦለድ ነው። ኖሳካ በጦርነቱ ጊዜ ታናሽ እህቱን በረሃብ አጥቷል። ጽሑፉ ውስጥ የራሱ ጸጸት አለ፤ ፊልሙም ሴይታን ንጹሕ መልአክ አላደረገውም። በትዕቢቱ ከአክስቱ ቤት ይወጣል። ያ ውሳኔ ዋጋ ያስከፍላል። የሚያጋንን ሰው ቢሆን አክስትየዋን ብቻ ጭራቅ አድርጎ ይገላገል ነበር።

ለልጅሽ ግን ትንሽ ትደግ።

ጥያቄ፦ «ሺንድለርስ ሊስት» መጨረሻ ላይ ሺንድለር ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ። ተቺዎች ያን ትዕይንት ለምን ጠሉት?

ሦስት ሰዓት ያህል ያልተናገረውን ሰው ድንገት ስላስናገሩት ነው። ሊያም ኒሰን የሚጫወተው ሺንድለር፣ አይሁዶችን ከናዚዎች ያተረፈው ጀርመናዊ ነጋዴ፣ ሙሉውን ፊልም ምን እንደሚያስብ አይነግረንም። የሚሠራውን ብቻ ነው የምናየው። መጨረሻ ላይ ይህ መኪና ቢሸጥ ስንት ሰው፣ ይህ ደረት ላይ ያለው ፒን ስንት ሰው እያለ ይወድቃል። ፊልሙ በዝምታ ያስቆጠረንን ሒሳብ እንደገና ጮክ ብሎ ቆጠረው።

ያም ሆኖ አንተን አልወቅስህም። ፒኑ ላይ ስደርስ እኔም ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። ፒን ትንሽ ነገር ናት፤ በእጅ የምትያዝ። የሚሠራው እሱ ነው እንጂ መውደቁ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቁጥብነት ሁልጊዜ ጥሩ ነው እያሉን ነው?

በጭራሽ! መቆጠብና መሸሽ ይምታታሉ። ይህን ሳስብ «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት» ይመጣብኛል። የማይክል ኦንዳቼ ልቦለድ በ1992 ወጣ፤ ሚንጌላ በ1996 ፊልም አደረገው፤ 9 ኦስካር ወሰደ። መጀመሪያ ያማረውን ልናገር። መላ አካሉ የተቃጠለው በሽተኛ የሞርፊን ብልቃጦቹን በእጁ ወደ ነርሷ ሃና ይገፋል። አንድ አይደለም፤ ብዙ። ግደይኝ አላለም። ሃናን የምትጫወተው ጁሊየት ቢኖሽ ብልቃጦቹን ታያለች፣ ይገባታል፣ እያለቀሰች ትሰብራቸዋለች። እኔ ለቁጥብነት ምሳሌ ስጠየቅ ይህን ነው የምጠራው።

አሁን የጎደለውን። ልቦለዱ ውስጥ ኪፕ የሚባል ሕንዳዊ ፈንጂ አምካኝ አለ። ለእንግሊዝ ጦር እያገለገለ፣ ሕይወቱን በየቀኑ እየሰጠ ነው። አንድ ቀን በሬዲዮ ጃፓን ላይ አቶሚክ ቦምብ መጣሉን ይሰማል። ጠመንጃውን ይዞ ይገባና በሽተኛው ላይ ይደግናል። ይህን በነጭ ሕዝብ ላይ አያደርጉትም ነበር ብሎ ያምናል። ከዚያ ትቷቸው ይሄዳል። መጽሐፉ ሁሉ የሚያመራው ወደዚያ ቁጣ ነው። ፊልሙ አወጣው። በምትኩ የኪፕ የሥራ ጓደኛ በፈንጂ ይሞታል፤ ኪፕ ያዝናል፤ ይሄዳል። ለስለስ ያለ፣ ያማረ ስንብት ነው። ነገር ግን ትልቁ መርዶ ሳይነገር ቀረ። ዝም ማለትን ሁሉ ጨዋነት አልለውም።

ጥያቄ፦ ከአፍሪካስ? ሁሉም የነጭ ጦርነት ሆነ።

«ሃፍ ኦፍ ኤ የሎው ሰን»ን አንብቡ፤ የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ የ2006 ልቦለድ ነው፤ ከ1967 እስከ 1970 ናይጄሪያ ውስጥ ስለነበረው የቢያፍራ ጦርነት። እዚያ ውስጥ ኦላና የምትባለው ሴት ከጭፍጨፋ አምልጣ ባቡር ላይ ናት። አጠገቧ ያለች እናት ክዳን ያለው ቅል ይዛለች። ከፍታ ታሳያታለች። የልጇ ራስ ነው። እናትየው አታለቅስም። ፀጉሯን ለመሥራት ስንት ጊዜ እንደፈጀባት፣ ፀጉሯ እንዴት ብዙ እንደነበር ነው የምታወራው። ሙሾ አውራጇን አስታወሳችኋት? ፈረሱን የምታነሳዋን?

ቢዪ ባንደሌ በ2013 ፊልም አድርጎታል። ቺዌቴል ኢጂዮፎርና ታንዲዌ ኒውተን አሉበት። ሰርጉ ላይ የአየር ድብደባ ሲመጣ ያለው ትዕይንት ጥሩ ነው፤ ሳቅ ላይ እያለህ ነው መሬቱ የሚናወጠው። በጠቅላላው ግን የባልና ሚስቱ ጠብ ጦርነቱን ይሸፍነዋል። መጽሐፉ የቤት ሠራተኛውን ኡግዉን ከዋናዎቹ ተመልካቾች አንዱ አድርጎት ነበር፤ ፊልሙ ላይ ያ ዓይን ቀጥኗል። ጦርነቱን ከታች ሆኖ የሚያየው እሱ ነበር።

ጥያቄ፦ «ኦሮማይ» ፊልም ቢሆን እንዴት ይሠራ ይላሉ?

በዓሉ ግርማ የቀይ ኮከብ ዘመቻን በቅርብ ያየ ሰው ነው። በ1975 ዓ.ም. መጽሐፉ ወጣ፤ ወዲያው ተለቅሞ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ፊልም የሚያደርግ ሰው ሁለት መርዶ ነው የሚሸከመው፤ የልቦለዱንና የደራሲውን። ያውም የደራሲው እስከ ዛሬ በሥርዓት ያልተነገረ መርዶ ነው።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬና ፊያሜታ አስመራ ላይ ያላቸው ፍቅር ያማረ ነው፣ ያጓጓል። ፊልም ሠሪው በእሱ ተስቦ ናቅፋን ከጀርባ እንዳያስቀምጥብን። እኔ ብሆን ጦርነቱን ሳሳይ ሙዚቃ አላስገባም። ተራራውን፣ የሚወጡትን ልጆች፣ ትንፋሻቸውን ብቻ። ርዕሱም ያግዛል። «ኦሮማይ» ማለት አበቃ፣ አከተመ እንደማለት ነው። የሚጮህ ቃል አይደለም። ሰው ደክሞት የሚለው ቃል ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ወታደር ነበር። ስለ ግንባር አንድም ቀን አውርቶን አያውቅም። አብሬው የጦርነት ፊልም ማየት እፈልጋለሁ። የትኛውን ልክፈት?

ፍንዳታ ያለበትን አትክፈት። የ2022ቱን አደራ እንዳትከፍትበት፤ ድምፁ ብቻ ይበቃዋል። የታርኮቭስኪን «የኢቫን ልጅነት» ሞክር። በ1962 የተሠራ ነው፤ ከቭላድሚር ቦጎሞሎቭ አጭር ልቦለድ የተወሰደ። ለሶቪየት ጦር መረጃ የሚያመላልስ የ12 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ውጊያ አታይበትም ማለት ይቻላል። የልጁ ሕልሞች አሉበት፤ እናቱ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ ፖም የጫነ መኪና በዝናብ። ሕልሞቹን የጨመረው ታርኮቭስኪ ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አንድ መኮንን በርሊን ውስጥ በፈረሰ ቢሮ ወረቀት ሲያገላብጥ የኢቫንን ፎቶ ያገኛል። ልጁ መሞቱን የምናውቀው ከዚያ ፋይል ነው።

አስቀድመህ ብቻህን እየው። ከዚያ ከአባትህ ጋር ስታይ ፊቱን እየሰረቅህ አትመልከት፤ ያውቅብሃል። መሐል ላይ ተነስቶ ቢወጣ አትከተለው፤ አታቁመውም። ሲያልቅም «እንዴት ነበር?» ብለህ አትጠይቀው። ቡናውን አስፈላና አጠገቡ ተቀመጥ። ማውራት ከፈለገ ያወራል፤ ካልፈለገም ቡናው ይጠጣል።